«ለጭክጭካ አይሆንም» የተባለው ፔዳል

ከጥር ወዲህ አዳማ ውስጥ ሁለት ድራመር ከተገናኘ ወሬው አንድ ነው። አንድ ባልደረባችን ካቴና የሌለው የቤዝ ድራም ፔዳል፣ ማለትም ትልቁን ድራም በእግር የምንመታበትን ዕቃ፣ ከውጭ አስመጣ። በካቴናው ቦታ መርገጫውን ከላይኛው አልቤሮ (ድራሙን የሚነካው መቺ ከተሰካበት የሚዞር ብረት) ጋር የሚያያይዘው አጭር የብረት ዘንግ ነው። ዳይሬክት ድራይቭ ይሉታል። መርገጫውም ረጅም ነው። ለተረከዝ ተብሎ የተሠራ የተለየ ማረፊያ የለውም፤ እግር ከጣት እስከ ተረከዝ እዚያው መርገጫው ላይ ይቀመጣል።

ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፣ ለጠየቀው ሁሉ ያውሳል። ስለዚህ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት የሚጫወት ድራመር ሁሉ አንድ አንድ ዘፈን መትቶበታል። በአንድ ዘፈን ደግሞ ሁሉም ፈርዷል።

እኔ እዚህ ከተማ ድራም ላይ ከተቀመጥኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልጆች አስተምራለሁ፣ የተበላሸ ፔዳልም እጠግናለሁ። ክርክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። ያንኑ የተሳሳተ ነገር ደጋግሜ መስማት ሰልችቶኛል። በተለይ አንዱ በጣም አንገብግቦኛል፤ እሱን ቆይቼ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ላውጣው።

«አዲስ ፈጠራ ነው፣ ገና አልተፈተነም»

ነገሩ ተገልብጧል። በኋላ የመጣው ካቴናው ነው።

አሜሪካዊው ድራመር ዊሊያም ሉድዊግ በፈረንጆች 1909 ከወንድሙ ጋር ሥራ የጀመረው የዘመኑ ፔዳል ለሚጫወተው ሙዚቃ አልፈጥን ስላለው ነው። የራሱን ፔዳል ሠራ። በ1937 ስፒድ ኪንግ የሚባለው ወጣ። ስፒድ ኪንግ ካቴና የለውም። መርገጫውን ከላይ የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ሞላዎቹ እንኳን ጎን ላይ ተንጠልጥለው አይታዩም፤ በሁለቱ ቋሚዎች ውስጥ ተደብቀዋል። የቢትልሱ ሪንጎ ስታር የመታው በእሱ ነው። የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናምም እንደዚሁ፤ የቦናም ፔዳል ሲጥ ሲጥ ሲል በቀረጻው ውስጥ ይሰማል።

ሌሎቹ የዚያ ዘመን ፔዳሎች በቆዳ ማሰሪያ ይሠሩ ነበር። ካቴና በሰፊው የገባው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ በ80ዎቹ ደግሞ ዲደብልዩ የሚባለው ኩባንያ የሠራው 5000 ፔዳል በየቦታው አዳረሰው። እኛ ዓይናችንን የገለጥነው ካቴና ላይ ስለሆነ ከጥንት የነበረ ይመስለናል። ዛሬም ያማሃ ኤፍፒ9 የሚባለውን ፔዳሉን በሁለቱም ዓይነት ይሸጣል፣ በካቴናም በዘንግም።

«የሜታል፣ የከባዱ ሮክ ነው» የሚሉም አሉ። አክሲስ የሚባለውን ባለ ዘንግ ፔዳል ሜታል የሚመቱ ሰዎች ስላስተዋወቁት ነው። ሪንጎ ስታር ሜታል አልመታም።

«የድራሙን ቆዳ ይበሳል»? ቆዳ የሚበሳው መቺው ነው። ጠንካራ እንጨት ወይም ፕላስቲክ መቺ ከገጠማችሁ በማንኛውም ፔዳል ይበሳል። መቺው የሚያርፍበት ላይ መከላከያ ለጥፉና ተገላገሉ።

«እሱን የገዛ ይፈጥናል»

ይሄ ደግሞ ከወጣቶቹ ነው የሚመጣው። አንዱ በቅርቡ፣ «ጋሼ፣ ያን ፔዳል ባገኝ እኮ ጉራጊኛውን እስከ መጨረሻው እይዘው ነበር» አለኝ። የራሱን ፔዳል አምጣ አልኩት። አየሁት። ሞላው ከዚህ በላይ አይጠብቅም።

ሞላ ሲጠብቅ መቺው ቶሎ ይመለሳል፣ እውነት ነው። ግን በእያንዳንዱ ምት ያንን ሞላ የሚወጥረው የእናንተ እግር ነው። ሰርግ ላይ ጉራጊኛ አንዴ ከተነሳ በአንድ ዘፈን አያበቃም። ዘመድ ከገባበት፣ ሙሽራው ኮቱን ከጣለ፣ ኪቦርዲስቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እያሻገረ ይወስደዋል። ያኔ ባት ይቃጠላል። ባት ሲቃጠል ምቱ ይዘገያል፣ ቤዚስቱ ዞሮ ያያችኋል።

ልጁ ሞላውን ትንሽ እንዲያላላ ነገርኩት። በሳምንቱ ሰርግ ሠርቶ ደወለልኝ፤ እስከ መጨረሻው ይዞታል። ፔዳሉ ያው የድሮው ነው።

ለመነሻ ያህል እንዲህ ሞክሩት። እግራችሁን ሳትጫኑ መርገጫው ላይ አሳርፉ። መቺው ሄዶ ቆዳው ላይ ከተኛ ሞላው ላልቷል። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ጠብቋል። ወደ ቆዳው ጠጋ ብሎ ሳይነካው ከቆመ ለመጀመር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እየተጫወታችሁ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

«ለእኛ ጭክጭካ አይሆንም»

አሁን ወደዚህኛው። «ለፈረንጅ ሙዚቃ ይሁን። ለጭክጭካ ግን ይደርቃል። ስሜት የለውም። እግር ይሰብራል።» ይህን የሚሉት ጀማሪዎች ቢሆኑ አልናደድም ነበር። የሚሉት የማከብራቸው፣ ከእኔ በፊት የጀመሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ያምናሉ።

መጀመሪያ ብረቱን እንመልከተው። ካቴና መጎተት እንጂ መግፋት አይችልም። በካቴና ፔዳል እግራችሁ ሲወረውረው መቺው በራሱ ግፊት ከመርገጫው ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ካቴናው ይላላል። ዘንግ እንዲህ አያደርግም። ይጎትታልም፣ ይገፋልም። መርገጫው የት እንዳለ ካወቃችሁ መቺው የት እንዳለ አወቃችሁ ማለት ነው። ቆዳውን ነክቶ ሲመለስ ደግሞ ነጥሮ የመጣው ሁሉ ቀጥታ እግራችሁ ስር ይደርሳል።

አሁን ጭክጭካውን አስቡት። 6/8 ነው። እኔ እንደምመታው ኪኩ (በፔዳሉ የሚመታው የቤዝ ድራም ምት) ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያለ ያነክሳል። የጭክጭካ ጣዕሙ እዚያ ማነከሱ ላይ ነው። አጭሯ ምት ቀላል ናት። እግር ብዙ ጊዜ አዲስ ጉልበት አያወጣባትም፤ ከመጀመሪያው ምት በተመለሰው ላይ ተሳፍራ ትመጣለች። በካቴና ስትመቱ ያቺ የላላች ቅጽበት እግራችሁን ትሸፍንለታለች። ትንሽ ብትቀድሙ፣ ትንሽ ብትዘገዩ፣ ለስለስ አድርጋ ታሳልፈዋለች። በዘንግ ስትመቱ ግን የሚሸፍን የለም። እግራችሁ ቢቀድም ኪኩ ይቀድማል። የሚመለሰውን ለመቀበል ያልተዘጋጀ እግር ደግሞ «ደረቀብኝ» ይላል።

ስለዚህ ስሜት የለውም የሚባለው ውሸት ነው። ስሜቱ በዝቶባቸው ነው።

ይህን የምለው ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። ፔዳሉን መጀመሪያ የሞከርኩት አንድ ሆቴል ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ነው፣ ምናልባት አምስት ደቂቃ። ባለቤቱ ረጅም ሰው ነው። ሞላው በእሱ እግር ልክ ተጠብቋል፤ መርገጫውም በእሱ ልክ ከፍ ብሏል። አንዱንም ሳልነካ መታሁ፣ ተነሳሁ፣ ሰው ፊት «ይሄ ለእኛ አይሆንም» አልኩ። የማስተምረው አንድ ልጅ እዚያ ቆሞ ነበር። ለካ እሱ ካገር ከሚወጣ ድራመር ላይ ተመሳሳይ ፔዳል ገዝቷል፤ ከቸርችና ከሰርግ ያጠራቀማትን ሁሉ ሰጥቶበት። በነጋታው ፔዳሉን በፌስታል ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የሚገዛኝ ሰው ካወቅህ» አለኝ። ፊቱን ሳይ በጣም አዘንኩ። አንድ ሳምንት ተውልኝ አልኩት።

መለማመጃ ቤቴ ወሰድኩትና በራሴ ልክ አስተካከልኩት። ከዚያ አንዱን ጭክጭካ አንዴ በካቴናው፣ አንዴ በዘንጉ መትቼ በስልክ ቀዳሁ። በዘንጉ የቀዳሁት ላይ እጄ ወደ ቶሞቹ፣ በእጅ ወደሚመቱት ድራሞች፣ በሄደ ቁጥር አጭሯ ኪክ ትቀድማለች። በግልጽ ይሰማል። ተናደድኩና የካቴናውን መልሼ አዳመጥኩ። እዚያም ትቀድማለች! ድምጿ ስላነሰ ብቻ ነው ያልሰማኋት። ይህን ሁሉ ዓመት ከቤዝ ጊታሩ ስር ተደብቃ ኖራለች ማለት ነው።

ለልጁ ፔዳሉን መለስኩለትና እንዳይሸጠው ነገርኩት። ሁለት ሳምንት በሜትሮኖም፣ በጣም ቀስ ብለን፣ እጅ ሳንጨምር ኪክ ብቻ ሠራን። ረጅም አጭር። ከዚያ ሃይሃት ጨመርን። ከዚያ ስኔር። አሁን እሁድ እሁድ ቸርች ሲመታ ሄጄ እሰማዋለሁ፤ አጭሯ ቦታዋን ይዛለች። በካቴና ሲመታም እንደዚያው።

ካቴና የሚወድ ሰው ተሳስቷል አልልም። ያቺን ነጻነት የሚፈልጋት አለ፣ መብቱ ነው። ካቴናውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የሚጠቀለልበት ጎማ ፍጹም ክብ ከሆነ ከላይ እስከ ታች እኩል ይሄዳል። እንቁላል መሰል ከሆነ መጨረሻው ላይ ይፈጥናል። «አልወደድኩትም» ማለት አንድ ነገር ነው። «ለባህላችን አይሆንም» ብሎ ልጅ ማስፈራራት ሌላ ነው። ጉራጊኛ፣ ጭክጭካ፣ ራጋዳ የሚመታው ሰው ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰው ፔዳል ስትሞክሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ባለቤቱን አስፈቅዱና የነበረበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ። ከዚያ በየተራ አንድ አንዱን ንኩ። መጀመሪያ የመርገጫውን ከፍታ፣ ቀጥሎ መቺው ከቆዳው የሚርቅበትን መጠን፣ ሞላውን መጨረሻ ላይ። ሁሉንም ባንዴ ካዞራችሁ ምን እንደለወጠው አታውቁም። የመቺው ዘንግ ከረዘመ ድምፁ ይወፍራል፣ ግን ይከብዳል። ካጠረ ተቃራኒው።

እግር የሚያርፍበት ቦታም አለ። ረጅም መርገጫ ላይ ወደ ፊት ስትጠጉ ይቀላል፣ ግን እግራችሁ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ወደ ኋላ ስትሸሹ መንገዱ ያጥራል፣ ይከብዳል። ልክ እንደ በር ነው፤ ከማጠፊያው አጠገብ ሆነህ ስትገፋው ይከብድሃል። ብዙዎቹ «እግር ይሰብራል» ያሉት የለመዱት አጭር መርገጫ ላይ እንደሚያደርጉት ተረከዛቸውን መጨረሻው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ወደ ኋላ ቀርተው ሲረግጡ ነው። አንድ ሦስት ጣት ያህል ወደ ፊት ጠጋ በሉ።

«ካቴና ስለሌለው እንክብካቤ አይፈልግም»

አዳማ ላይ ሆኖ ይህን ማለት ያሳዝናል። የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ የተተከሉት ንፋስ ስላለ ነው። ንፋሱ ደግሞ ባዶውን አይመጣም፤ አቧራውን ይዞ ነው። የጥር ሰርግ ድንኳን ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ ነው፣ ሰው ሲጨፍር መሬቱ ይነሳል፣ የሚያርፈው ፔዳሉ ላይ ነው።

ባለ ዘንግ ፔዳል እንዲያውም የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ዘንጉ ላይና ታች ኩሽኔት አለው፣ የመርገጫው ማጠፊያ አለ፣ አልቤሮው የሚዞርባቸው ኩሽኔቶች አሉ። ካቴና ትንሽ ቢበላ ዝም ብሎ ይሠራል። የዘንጉ ኩሽኔት ከተበላ ግን ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል፣ ማይክሮፎኑም ይሰማዋል።

ትልቁ ጥፋት ዘይት ነው። ሲጥ ሲጥ ባለ ቁጥር ባጃጅ ጠጋኝ ጋ ሄዶ የሞተር ዘይት የሚያስጨምር አለ። አንዱን ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ ዘይቱና አቧራው ተቦክተው ጥቁር ጭቃ ሆነዋል። ኩሽኔቱን ቀይሬ ነው የዳነ። ኩሽኔቱ የታሸገ ከሆነ ግራሶው ውስጡ ነው፣ ምንም አትጨምሩ። ማጽጃ ፈሳሽም አትንፉበት፣ ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል። በደረቅ ጨርቅና በብሩሽ ብቻ ጥረጉ። ብረት ከብረት የሚፋተግበት ክፍት ቦታ ካለ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ከዚያ የተረፈውን መጥረግ። ኩሽኔት ለመቀየር አሮጌውን ይዛችሁ ኩሽኔት ሻጭ ጋ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ፔዳሉ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ብሎኑን በጉልበት አታጥብቁ። ጥርሱ ከተበላ ቶርኖ ቤት ነው የሚወስዳችሁ፣ እሱም ከተሳካ።

ልጁ ፔዳሉን አሁን የሚይዘው በፌስታል አይደለም። እናቱ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ከረጢት ሰፍተውለታል። ከሰርግ ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ማጠፊያውን በጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል።