የክልል ነፍስ ወከፍ ምርት ምንድን ነው?

አንድ ተንታኝ ሰሞኑን የሁለት ክልሎችን ነፍስ ወከፍ ምርት አወዳድሮ፣ የአንደኛው ክልል ነዋሪ ከሌላው ነዋሪ ሦስት እጥፍ ገቢ እንዳለው ጽፏል። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መደምደሚያው ግን ከቁጥሩ የሚወጣ አይደለም። ስሕተቱ እርሱ የጀመረው ባይሆንም ተደጋግሞ ሲነበብ እውነት እየመሰለ ስለመጣ በዝርዝር ማስረዳቱ ይገባል።

ነፍስ ወከፍ ምርት በአንድ ክልል ወሰን ውስጥ በዓመት የተፈጠረው የተጨመረ እሴት (ከሽያጩ ላይ ለግብዓት የወጣው ተቀንሶ የሚቀረው) በነዋሪው ቁጥር ሲካፈል የሚገኝ አኃዝ ነው። ምርቱ የሚመዘገበው ሥራው በተሠራበት ቦታ ሲሆን ሰው የሚቆጠረው ግን በሚኖርበት ቦታ ነው። ሁለቱ ቦታዎች በሀገር ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስለሆኑ ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም፤ ወደ ክልልና ወደ ከተማ በወረድን ቁጥር ግን እየሰፋ ይሄዳል።

ክልሉን እንደ ወፍጮ ቤት እንየው። ሠራተኞቹ ጠዋት ከማዶ መንደር መጥተው ማታ ደመወዛቸውን ይዘው ይመለሳሉ፤ ባለቤቱ ሌላ ከተማ ተቀምጦ ትርፉን ይወስዳል፤ ግቢው ውስጥ የሚያድረው ዘበኛው ከነቤተሰቡ ብቻ ነው። ከማስፈጫው ገቢ ነዳጅና መለዋወጫ ተቀንሶ የቀረው ለዘበኛው ቤተሰብ ቢካፈል፣ ዘበኛው በወረቀት ላይ ባለጸጋ ይሆናል። (እህሉን ራሱን አንቆጥርም፤ እርሱ በበቀለበት ክልል ተመዝግቧል።) ባለቤቱ ትልቅ ሞተር አስገብቶ ግማሾቹን ሠራተኞች ቢያሰናብትም የግቢው ነፍስ ወከፍ ምርት ሊያድግ ይችላል። ተንታኛችን ይህን የዘበኛው ኑሮ መሻሻል አድርጎ ይጽፈዋል።

ይህ የምናብ ጨዋታ አይደለም። በሉክሰምበርግ ከሚሠሩት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በየዕለቱ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጅየምና ከጀርመን ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ናቸው፤ ምርታቸው በሉክሰምበርግ ሲመዘገብ እነርሱ ግን በአካፋዩ፣ ማለትም በነዋሪው ቁጥር፣ ውስጥ የሉም። ዋሽንግተን ዲሲም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚያድሩ ሠራተኞች ምክንያት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ልቃ ትታያለች። በ2016 የአውሮፓውያን ዓመት የምዕራብ ውስጠኛ ለንደን ነፍስ ወከፍ ምርት ከአውሮፓ ኅብረት አማካይ ከስድስት እጥፍ በላይ ነበር፤ በዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ ከአማካዩ አውሮፓዊ ስድስት እጥፍ ያገኛል የሚል ግን የለም። ከሁሉ የሚያስተምረው የኔዘርላንድ ግሮኒንገን ነው። የተፈጥሮ ጋዙ እሴት በአውራጃው ስም ሲመዘገብ ገቢው በአብዛኛው ለመንግሥት ግምጃ ቤትና ለጋዝ ኩባንያዎች ይገባ ስለነበር፣ አውራጃው በምርት ከፊተኞቹ በቤተሰብ ገቢ ደግሞ ከኋለኞቹ ተርታ ይሰለፍ ነበር። የነዋሪውን ኑሮ ማወቅ የፈለገ ሰው ከግብርና ከድጎማ በኋላ በእጅ የሚቀረውን የቤተሰብ ገቢ ይመልከት፤ እርሱ የሚለካው በመኖሪያ ቦታ ነው።

አካፋዩም ራሱ አይታመንም። በቻይና ለዓመታት የክፍለ ሀገራት ምርት ይካፈል የነበረው በቦታው ለተመዘገበው ሕዝብ እንጂ በቦታው ለሚኖረው አልነበረም፤ ስለዚህ ከገጠር ፈልሰው በባሕር ዳርቻ ፋብሪካዎች የሚሠሩት በምርቱ ውስጥ ተቆጥረው በሕዝቡ ውስጥ ሳይቆጠሩ ይቀሩ ነበር፣ በክፍለ ሀገራት መካከል ያለውም ልዩነት ከእውነተኛው ሰፍቶ ይታይ ነበር። በተካፋዩም፣ ማለትም በምርቱ፣ በኩል ቢሆን፣ በብዙ ክልሎች ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት የፈጠረው እሴት ብዙ ጊዜ በየቦታው በከፈለው ደመወዝ ወይም በሠራተኛው ቁጥር ተመጥኖ የሚከፋፈል ግምት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ተንታኙ የሥራ አጥነት ምጣኔንም ከዚሁ ጋር አዛምዶ «ምርቱ ከፍ ያለ፣ ሥራ አጡም የበዛ» ክልል ማግኘቱ አስገርሞታል። የሚያስገርም ነገር የለውም። ሥራ አጥነት የሚጠየቀው በሰዎች መኖሪያ ቤት ነው፤ የወፍጮው ሥራ በማዶ መንደር ሰዎች ተይዞ የዘበኛው ልጆች ሥራ ሊያጡ ይችላሉ። በዚያ ላይ ምጣኔው የሚሰላው ሥራ ካላቸውና ሥራ ከሚፈልጉት ድምር በመሆኑ፣ ተስፋ ቆርጦ መፈለጉን የተወ ሰው ከስሌቱ ወጥቶ ምጣኔውን ዝቅ ያደርገዋል።

«በክልሎች መካከል ያለው ልዩነት ጠበበ፤ ስለዚህ የሀብት ክፍፍሉ ፍትሐዊ ሆነ» የሚለውም ከዚሁ የሚቀዳ ነው። የክልሎች አማካይ ሲቀራረብ በየክልሉ ውስጥ በሀብታምና በድኻ መካከል ያለው ርቀት ሊሰፋ ይችላል፤ የታይል መለኪያ የተባለው የገቢ ልዩነት መለኪያ አጠቃላዩን ልዩነት በክልሎች መካከል እና በክልሎች ውስጥ ብሎ የሚከፍለው ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው። መቀራረቡ ራሱ ከየት እንደመጣም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከድኻው ክልል ሥራ ያልነበራቸው ወጣቶች ቢሰደዱ፣ ምርቱ ምንም ሳይጨምር ለጥቂት ሰው ስለሚካፈል ነፍስ ወከፉ ያድጋል፤ ተንታኙም ክልሉ አደገ ብሎ ይጽፋል።