«ራሱ ይሞላል» ከሚሉት ይጠንቀቁ፦ ስለ አውቶማቲክ የፈሳሽ ናይትሮጅን መሙያ

በእኛ አገር ፈሳሽ ናይትሮጅን (ናሙና በቅዝቃዜ የሚቆይበት እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ) ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ከብት አዳቃዮች ይዘውት የሚዞሩትን ኮንቴይነር ነው። እሱ በእጅ ይሞላል። ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ግን የናሙና ማቀዝቀዣውን ከአቅርቦት ታንክ ጋር በቧንቧ ያገናኙታል። ፈሳሹ ሲቀንስ ሴንሰሩ ቫልቩን ያስከፍታል፤ ሲሞላ ያስዘጋል። ስለዚህ መሙያ የሚባሉ አራት የተሳሳቱ አባባሎች እነሆ።

«አንዴ ከተገጠመ ማየት አያስፈልግም»

እ.ኤ.አ. በማርች 2018 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ በሚገኝ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከ4,000 በላይ የሴት እንቁላሎችና ሽሎች ተበላሹ። የታንኩ አውቶማቲክ መሙያ ለሳምንታት ሲያስቸግር ነበር። ከርቀት የሚያስጠነቅቀው አላርምም ጠፍቶ ነበር። ይህን ያመነው ማዕከሉን የሚያስተዳድረው ሆስፒታል ራሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው በታንኩ ድርብ ግድግዳ መካከል ያለው አየር አልባ ክፍተት ነው። እሱ ሲበላሽ ፈሳሹ ቶሎ ቶሎ ይተናል። በእጅ የሚሞላ ሰው «ምነው ዛሬ ይህን ያህል ጎደለ?» ይላል። ማሽኑ ግን ዝም ብሎ ይሞላል፤ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና ነው። ስለዚህ በየስንት ጊዜው እንደሚሞላ መመዝገብ፣ አልፎ አልፎም የመለኪያ ዘንግ አስገብቶ ውርጩ እስከየት እንደደረሰ ማየት ግድ ነው።

«የሚያሰጋው ማለቁ ነው እንጂ መትረፉ አይደለም»

በጣም አደገኛው ይሄ ነው። በጃንዋሪ 2021 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት፣ ጌይንስቪል ውስጥ አንድ የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ላይ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። የማቀዝቀዣውን የፈሳሽ መጠን የሚለካው ቱቦ ታጥፎ ነበር። ማሽኑ መሙላቱን ስላላወቀ ናይትሮጅኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ቦታው ላይ የኦክስጅን መጠን የሚከታተል አላርም አልነበረም።

አንድ ሊትር ፈሳሽ 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም የክፍሉን ኦክስጅን ገፍቶ ሰው ያፍናል። ሽታ የለውም፣ አያስልም። ነጩ ጉም ራሱ ናይትሮጅን አይደለም፤ በቅዝቃዜው የረጋ የአየሩ እርጥበት ነው። ጉሙ ጠፋ ማለት ታዲያ አየሩ ጸዳ ማለት አይደለም። የኦክስጅን መለኪያው ንባብ ከበር ውጭ መታየት አለበት፤ ሰው ገብቶ እንዳያነብበው።

«ግፊት ሲጨምር ቶሎ ይሞላል»

አይሞላም። ከፍተኛ ግፊት ካለው ታንክ ሲወጣ ብዙ ፈሳሽ መንገድ ላይ ጋዝ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የተለመደው 1.5 ባር አካባቢ ነው። ደግሞ በሁለት ቫልቮች መካከል ፈሳሽ ተዘግቶ ከቀረ ቧንቧውን ያፈነዳል፤ እዚያ መሃል ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ የግድ ይገባል።

«መብራት ከጠፋ ናሙናው አለቀለት»

ቅዝቃዜው የሚመጣው ከፈሳሹ እንጂ ከመብራት አይደለም። ቫልቩ ኃይል ሲያጣ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ፣ መሙላቱ ይቆማል እንጂ በቂ ፈሳሽ የያዘ ጤነኛ ታንክ ለቀናት ይቆያል። መጠባበቂያ ባትሪ ካለ መጀመሪያ የሚገናኘው ከአላርሙና ከኦክስጅን መለኪያው ጋር ነው።