ሽሪምፕ፦ ከዓሣ ገበያ እስከ መጥበሻ

ሽሪምፕ በቅርፊት የተሸፈነ፣ አሥር መራመጃ እግሮች ያሉት የውኃ እንስሳ ነው። በኦሪት ሕግ ክንፍና የዓሣ ዓይነት ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት ስለማይበላ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት አይቀርብም። ኩዌት ላይ ግን ሩቢያን ሲሉት ምራቅ ያስውጣል። ማጥመድ የሚፈቀደው በወቅቱ ብቻ ነው፤ ወቅቱ ሲከፈት ገበያው ይደምቃል፤ በየቤቱም ሩዝና ሽሪምፕ አንድ ላይ የሚበስሉበት ሙረብየን ይሠራል። በብዙ ቤት የማጽዳቱ ሥራ የቤት ሠራተኞች ድርሻ ነው። ከእነሱም መካከል የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። ይህ ሙያ ነው፤ ሊከበር ይገባዋል።

ጥሩ ሽሪምፕ የባሕር ሽታ እንጂ የሚሰነፍጥ ሽታ የለውም። ቅርፊቱ ከሥጋው ጋር የተጣበቀ፣ ራሱም ያልላላ ይሁን። ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ከተጠመደ ግን ሰንብቷል።

ቤት ሲገባ ቶሎ ጭንቅላቱን ማንሳት ይሻላል። ምግብ የሚፈጨው የሰውነቱ ክፍል ያለው እዚያ ነው፤ ከሞተ በኋላ እዚያ ያለው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ የገዛ ሥጋውን ማላላት ይጀምራል። ወዲያው የማይጸዳ ከሆነ በወንፊት ላይ ከበረዶ ጋር ይቀመጥ፤ የቀለጠው ውኃ ይውረድለት እንጂ አይዘፍዘፍ። ፍሪጅ ውስጥም ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይ።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ሹል እሾህ ጣት ስለሚወጋ ከጎንና ከጎን ይያዛል። ራሱ ጠምዘዝ ተደርጎ ይሳባል። ከዚያ ከሆዱ በኩል እግሮቹን ይዞ ቅርፊቱን ወደ ጀርባ መላጥ ነው። ጀርባው በቢላ ጫፍ ሳይጠልቅ ሲሰነጠቅ ጥቁር ክር ብቅ ይላል። ብዙዎች የደም ሥር ይመስላቸዋል፤ አንጀቱ ነው። አሸዋ ሊኖርበት ስለሚችል ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ቅርፊቱ እንዲቀር የሚፈልግ ደግሞ ስቴኪኒ በመገጣጠሚያው አስገብቶ ክሩን ቀስ እያለ ይመዛል፤ ከቸኮሉ ይበጠሳል።

ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርጎ በጨርቅ ማድረቅ ነው። እርጥቡ መጥበሻ ላይ ሲገባ ውኃ ያወጣና ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። ራስና ቅርፊቱን መጣል ብክነት ነው። በዘይትና በሽንኩርት ቆላ ቆላ ተደርጎ ውኃ ሲጨመርበት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈልቶ ሲጠለል፣ ለሩዙ የሚሆን ግሩም መረቅ ይወጣዋል።

እሳት ላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ግራጫው ወደ ቀይ ብርቱካናማ ሲቀየር፣ ሥጋው ነጣ ብሎ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሲጎብጥ ይወጣል። ተጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ አልፎበታል፤ ይደርቃል።

የሽሪምፕ አለርጂ ቀልድ አይደለም። አንዳንዱን ሰው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ይቀሰቅስበታል። ስለዚህ ለእንግዳ ከማቅረብ በፊት መጠየቅ፣ ቢላና መክተፊያውንም በሳሙና አጥቦ መለየት ያስፈልጋል። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በአፋጣኝ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።