የስቴፋን አምስቱ ጋላክሲዎች

በፔጋሰስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ አምስት ጋላክሲዎች ተጠጋግተው ይታያሉ። «የስቴፋን ኩዊንቴት» ይባላሉ፤ የስቴፋን አምስቱ እንደ ማለት ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ያሉበት ቦታ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከፍ ብሎ ይገኛል። በዓይን ግን አይታዩም፤ ብርሃናቸው ደካማ ነው። እኔም የማውቃቸው በፎቶ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከሰማይ ሁሉ እንደ እነሱ የምወደው የለም።

በ1877 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው ፈረንሳዊው ኤድዋር ስቴፋን ነው፤ ማርሴይ ላይ፣ 80 ሴንቲ ሜትር መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ። እነዚያ የደበዘዙ ነጠብጣቦች ከእኛ ጋላክሲ ውጪ ያሉ ጋላክሲዎች መሆናቸው ያኔ ገና አይታወቅም ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን አምስት አለመሆናቸው ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ማርጋሬት እና ጄፍሪ በርቢጅ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ብርሃናቸውን መረመሩ። አራቱ በሴኮንድ ከ5,500 ኪሎ ሜትር በላይ እየራቁን ነው። ኤንጂሲ 7320 የተባለው ግን 800 ገደማ ብቻ። ሩቅ ያለ ጋላክሲ ይበልጥ ፈጥኖ ስለሚርቀን፣ ለካስ እሱ ለእኛ በጣም ቅርብ ነው፤ 40 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። ሌሎቹ 290 ሚሊዮን ገደማ ይርቃሉ። መስመር ላይ ስለገጠመ ነው አብሯቸው ያለ የሚመስለው።

አራቱ በስበት ይጓተታሉ። አንደኛው፣ ኤንጂሲ 7318ቢ፣ በሴኮንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየተምዘገዘገ መሀላቸው እየገባ ነው። በመካከላቸው ያለውን ጋዝ ሲመታው ከእኛ ጋላክሲ የሚበልጥ የድንጋጤ ሞገድ፣ ማለትም ጋዙን በኃይል የሚጨምቅ ማዕበል፣ ተነስቷል። ጋዙም ኤክስሬይ እስኪያመነጭ ድረስ ግሏል። በኤንጂሲ 7319 እምብርት ደግሞ ከፀሐይ 24 ሚሊዮን ጊዜ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ይህን ሁሉ የተሸከመው ብርሃን ከዚያ ሲነሳ ዳይኖሰሮች ገና አልተፈጠሩም ነበር።

ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳቸው ፎቶ ሐምሌ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። ወደ 1,000 ከሚጠጉ ምስሎች የተገጣጠመ ነው። ስከፍተው ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግራ ጠርዝ ነው። እዚያ ያለው ያ ብቸኛው፣ ቅርቡ ጋላክሲ ነው። ቅርብ በመሆኑ ከዋክብቱ አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ።