ደካማ እይታ ላላቸው ሰዎች የሚሠሩ መነጽሮችና መሣሪያዎች

ደካማ እይታ ያለው ሰው ዓይነ ስውር አይደለም። ያያል፤ ግን ተራ መነጽርም ሆነ ሕክምና እይታውን ሙሉ በሙሉ አይመልስለትም። በዓለም ጤና ድርጅት የተለመደ መለኪያ፣ የተሻለው ዓይን ከ6/18 በታች ሲያይ እይታው ደካማ ነው ይባላል። ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚለየውን ፊደል፣ ይህ ሰው 6 ሜትር ድረስ ቀርቦም አይለየውም። ከ3/60 ሲያንስ ደግሞ ዓይነ ስውርነት ይባላል።

መሣሪያውን የሚነድፈው ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የጎደለው የእይታ ክፍል የትኛው እንደሆነ ነው። ማኩላ (በዓይን ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ለመሃለኛው እይታ የሚያገለግለው ክፍል) ሲጎዳ መሃሉ ይጠፋል፤ ማንበብና ፊት መለየት ያስቸግራል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ ግን ብዙውን ጊዜ ዳር ዳሩን ነው የሚበላው። ለመጀመሪያው ሰው ማጉላት ይበጀዋል። ለሁለተኛው ግን ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ የጎላው ምስል በቀረችው ጠባብ መስኮት አይገባለትም።

ለንባብ ቀላሉ መፍትሔ ኃይለኛ የንባብ መነጽር ነው። ሥራው ወረቀቱን በጣም አቅርቦ ማየት እንዲቻል ማድረግ ነው። በ+20 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ሌንስ ወረቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን አለበት፤ አፍንጫ ሊነካ ምንም አይቀረው። የራስ ጥላ ገጹን ስለሚያጨልመው መብራቱ ከጎን ይመጣል። ሁለት ዓይን ይህን ያህል ወደ ውስጥ መዞር ስለሚከብደው መለስተኛ ኃይል ባላቸው ሌንሶች ላይ ፕሪዝም (ብርሃንን ወደ ጎን የሚያጥፍ ሽብልቅ መሰል መስታወት) ይጨመራል። ከ+12 አካባቢ በላይ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን ብቻ ይነበባል።

ለሩቅ ቴሌስኮፕ አለ። የጋሊሊዮ ዓይነቱ አጭርና ቀላል ነው። የኬፕለር ዓይነቱ የበለጠ ያጎላል፤ ምስሉን ስለሚገለብጠው ግን መልሶ የሚያቃናለት ፕሪዝም ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ክብደት ነው። ዋናው ጣጣ እንቅስቃሴ ነው። አራት እጥፍ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ራስ ትንሽ ዞር ሲል ምስሉም አራት እጥፍ ይሮጣል። ይህን ዓይን ላይ አድርጎ መሄድ አይታሰብም። ባዮፕቲክ የሚባለው ንድፍ ነገሩን በዘዴ ፈታው፤ ትንሿ ቴሌስኮፕ በመነጽሩ ላይኛው ክፍል ትተከላለች። ሰውየው በተራው ሌንስ እያየ ይሄዳል፤ ምልክት ማንበብ ሲፈልግ አገጩን ዝቅ አድርጎ ለአፍታ በቴሌስኮፑ ያያል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን መነጽር አድርጎ መኪና መንዳት ይፈቀዳል።

በስትሮክ ምክንያት የግራው ወይም የቀኙ ግማሽ እይታ ለጠፋባቸው ሰዎች የቦስተኑ ተመራማሪ ኤሊ ፔሊ ሌላ መላ አመጣ። የፕሪዝም ቁራጮች በአንደኛው ሌንስ ላይና ታች ይለጠፋሉ፤ መሃሉ ክፍት ይቀራል። ኃይሉ 40 ፕሪዝም ዳዮፕተር (ብርሃን የማጠፍ መለኪያ) በሆነ ፕሪዝም ከማይታየው ወገን 20 ዲግሪ ያህል ወደሚታየው ይመጣል። መሃሉ ስላልተነካ ፊት ለፊት ያለው ነገር ሁለት ሆኖ አይታይም።

ራስ ላይ የሚደረጉ፣ ካሜራና ስክሪን ያላቸው መሣሪያዎች በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ብቅ አሉ። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከናሳ ጋር የሠራው ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ራስ ላይ የሚታሰር ከባድ ነገር ነበር። ኢሳይት የሚባለውን መሣሪያ የመሰሉት የኋለኞቹ በጣም ቀለዋል። ጥቁርና ነጩን ይገለብጣሉ፣ ደብዛዛውን ያደምቃሉ፤ ሌንስ ብቻውን ይህን አይችልም። ምስሉ ከራስ እንቅስቃሴ ትንሽ ከዘገየ ግን ያጥወለውላል።

በእኔ ግምት ስለ ማጉላት ኃይል ብዙ ይወራል፤ ስለ አፍንጫ ግን ጥቂት። ከፊት የከበደ መነጽር ይንሸራተታል፤ ሌንሱም ከዓይን መሃል ይወጣል። ሰው ዞር ብሎ የሚያፈጥበትን መሣሪያ ደግሞ ብዙዎች ውጭ ይዘውት አይወጡም። ልምምድም ያስፈልጋል፦ ባዮፕቲክ የተሰጠው ሰው መጀመሪያ ተቀምጦ የቆመ ነገር ይፈልጋል፣ ቀጥሎ የሚንቀሳቀስ ነገር ይከተላል፣ እየሄደ መጠቀም የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።