ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ደጋው ሰው የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

“አጼ ካሌብ የመንን የወረሩት በራሳቸው ግዙፍ ባሕር ኃይል ነው”

እ.ኤ.አ. በ525 ንጉሡ ወደ ሂምያር (በየመን ወደነበረው ጥንታዊ መንግሥት) ሲዘምቱ ሠራዊቱን ያሻገሩት 70 መርከቦች እንደነበሩ በሂምያር ስለተገደሉት ክርስቲያኖች፣ ስለ ናግራን ሰማዕታት፣ የተጻፈው የግሪክኛ ገድል ይዘረዝራል። ንጉሡ ያሠሯቸው 10 ብቻ ናቸው። 60ዎቹ የነጋዴ መርከቦች ሲሆኑ 20ው ከቁልዝም (ስዊዝ አጠገብ)፣ 15ቱ ከአይላ (የዛሬዋ ዓቃባ)፣ 9ኙ ከህንድ፣ የቀሩት ከፋራሳንና ከሌሎች ወደቦች የመጡ ነበሩ። ይህ አክሱምን አያሳንስም። የአክሱም ብርታት በመርከብ ብዛት ሳይሆን የሌላውን መርከብ በሚስበው ወደብ በአዱሊስ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልባስ ከምጽዋ በስተደቡብ ባለው በዚህ ወደብ ይወጣ ነበር።

“የጥንት መርከቦች በገመድ የተሰፉት የባሕሩ ማግኔት ድንጋይ ሚስማሩን ስለሚነቅል ነው”

ይህ ወሬ በ6ኛው መቶ ዘመንም ነበረ። የባይዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ያኔውኑ ውድቅ አድርጎታል፤ ብዙ ብረት ያለባቸው የሮማውያን መርከቦች በቀይ ባሕር ሲመላለሱ ምንም አልደረሰባቸውም ይላል።

እውነተኛው ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ ይታያል። ሳንቃዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማሉ። በሁለቱም ጠርዝ ትይዩ ቀዳዳ ይበሳል፣ በመጋጠሚያው ላይ ቃጫ ይነጠፋል፣ ከዚያ በኮኮናት ገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይሰፋል። ቀዳዳው ተወትፎ እንጨቱ በዓሣ ዘይት ይታሻል። እንዲህ የተሠራ መርከብ የኮራል ድንጋይ ሲነካው ወይም አሸዋ ላይ ሲጎተት ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። ጉድለቱ ገመዱ መበስበሱ ነው፤ በየጊዜው ተፈትቶ እንደገና ካልተሰፋ ውሃ ያስገባል።

“የሞንሱንን ነፋስ ያገኘው ሂጳሎስ የተባለ ግሪካዊ ነው”

የህንድና የዓረብ መርከበኞች ከእርሱ በፊት በዚህ በየወቅቱ አቅጣጫውን በሚቀይር ነፋስ ይጓዙ ነበር። ግሪኮች ያደረጉት ከእነርሱ መማር ነው።

ነፋሱን ማወቅ ለምን እንደሚበጅ እንይ። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ይነፍሳል። በደቡቡ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰሜን ምዕራብ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ከደቡብ ምስራቅ ነው። ስለዚህ ከግብጽ ወደ ህንድ የሚሄድ መርከብ በሐምሌ ይነሳል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከህንድ ይመለሳል። ችግሩ የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ከቀይ ባሕር አጋማሽ ወደ ሰሜን ሲወጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታዋል። የግብጽ ገዢዎች በደቡብ የበረኒቄን ወደብ የከተሙት፣ ጭነቱን እዚያ አራግፈው በግመል 12 ቀን ያህል እስከ ዓባይ ዳር ያጓጓዙት ለዚህ ነው። ከባሕሩ ጋር ከመታገል በረሃውን መረጡ።

“የአፋር ጨው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው”

እሳተ ገሞራው የዳሎልን ቀለማት ያብራራል። ጨዉ ግን በአብዛኛው የቀይ ባሕር ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው የደናክል ሜዳ በተለያየ ዘመን ባሕር ገብቶበታል፤ በሜዳው ዳርቻ ያለው ከ120,000 ዓመት በፊት ገደማ የኖረ የኮራል ቅሪት ለዚህ ምስክር ነው። መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተንኖ ጨዉ ቀረ።

አፋሮች ይህንኑ ንጣፍ በመጥረቢያ እየቀደዱ፣ በወፍራም ዘንግ እየፈነቀሉ፣ ጠርበው አሞሌ ያደርጉታል። በደጋው ገበያ በገንዘብነት ያገለገለው አሞሌ እንግዲህ የደረቀ ባሕር ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስም የአክሱም ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደተባለ አገር እየወረዱ በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል።

“ወደብ የሌለው አገር ባንዲራውን የሰቀለ መርከብ ሊኖረው አይችልም”

ይችላል። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 90 ይህንን መብት ለማንኛውም አገር ይሰጣል።

“በጥም ጊዜ ጥቂት የባሕር ውሃ ከምንም ይሻላል”

ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን በጀልባ ለሚሻገሩ ወገኖቻችን ይህ ስህተት ሕይወት ያስከፍላል። በዚያ አካባቢ 1 ሊትር የባሕር ውሃ 37 ግራም ያህል ጨው አለው። ኩላሊት ደግሞ በ1 ሊትር ሽንት የሚያስወጣው ቢበዛ 20 ግራም ገደማ ነው። 1 ሊትር የጠጣ ሰው ጨዉን ለማውጣት 2 ሊትር ሊጠጋ የሚችል ውሃ ያጣል፤ ልዩነቱ ከገዛ ሰውነቱ ይወሰዳል። ተቅማጥ ከጨመረበት ይብሳል። ሽንት መጠጣትም መፍትሔ አይደለም። የባሕር ውሃ የሚጠቅመው ለልብስ ነው፦ ሸሚዝና ሻሽ ነክሮ መልበስ ሰውነትን አቀዝቅዞ ላብ ይቀንሳል። ጥላ መፈለግ፣ በቀትር አለመንቀሳቀስ፣ የሚጠጣ ውሃ ካለቀ ምግብን፣ በተለይ ደረቅና ጨዋማውን፣ መተው ያስፈልጋል።