«እውነቱን እኮ ነው የነገረኝ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ወደ ዛፉ ጥላ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ። «ጠንቋይ ውሸታም ነው እያላችሁ ታስተምሩናላችሁ። እኔ ግን ሄጄ ነበር። ስለ ባለቤቴ፣ ስለታመመችው ልጄ፣ ከዓረብ አገር ስለመመለሴ፣ ምንም ሳልነግረው ተናገረ። እውነቱን እኮ ነው የነገረኝ! ታዲያ ውሸት የምትሉት የቱን ነው?»

አልተቆጣኋትም። በጨነቀው ሰው ላይ የሚቆጣ መምህር ሰውየውን መልሶ ወደ ጠንቋዩ ደጅ ነው የሚገፋው። ደግሞም ይህ ነገር በእኛ ቤት አልፏል፣ ስለዚህ ከእኛ ቤት ልጀምር።

የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ የእናቴ የወርቅ ሀብል ጠፋ። ለጋብቻዋ የተሰጣት ነው። ቤቱ ተገለበጠ፣ ፍራሹ ተራገፈ፣ የለም። አንዲት ጎረቤት «አዋቂ ዘንድ ለምን አትሄጂም?» አለቻት። ጠንቋይን በስሙ መጥራት ስለምናፍር «አዋቂ» እንለዋለን፤ ስሙ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል። እናቴ ሄደች። ዕጣኑን አጢሶ፣ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ «ሌባው ከደጅ አልመጣም። እንጀራሽን የምትበላ፣ ጠየም ያለች ሴት ናት» አላት። ከእኛ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከገጠር መጥታ እናቴን የምታግዝ፣ እኔን ጠዋት ጠዋት እጄን ይዛ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ። በዚያው ሳምንት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ የወሩን ደመወዟን እንኳ ሳትቀበል ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ አሁንም ይታየኛል። ከሰባት ወር በኋላ እናቴ ለፋሲካ የትራስ ልብስ ልትቀይር ስፌቱን ስትፈታ ሀብሉ እግሯ ሥር ወደቀ።

ካደግሁ በኋላ ያንን ቃል ብዙ ጊዜ መረመርሁት። ሰውየው ምን አወቀ? ደህና የለበሰች የከተማ ሴት ወርቅ ጠፋኝ ብላ ስትመጣ ቤቷ ውስጥ ሠራተኛ እንደምትኖር ለመገመት መንፈስ አያስፈልግም። ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረውም እሷ ናት። ጠይምነትማ የአገሩ ግማሽ ጠይም ነው። ጥርጣሬውን እናቴ ራሷ በልቧ ይዛ ነበር የሄደችው፤ እሱ ማኅተም አተመበትና መልሶ ሸጠላት።

በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ድረስ «ሌባ ሻይ»፣ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው፣ የሚባል ነበር። አንድ ታዳጊ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፣ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ከዚያ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ስንቱ ምስኪን ባልሰረቀው ንብረት በሬውን እንደሸጠ እግዚአብሔር ያውቃል። እናንተ ግን ይህን አስተውሉ፦ ልጁ ስቶ ቢሆን ማን ያውቃል? የተከሰሰው ሰው «አልሰረቅሁም» ቢል የሚሰማው የለም፤ ተመስክሮበታላ። ስሕተቱ የሚታይበት ቀዳዳ ሁሉ አስቀድሞ ተደፍኗል። የእኛም ቤት ሀብሉ ከትራስ ባይወድቅ ኖሮ ጠንቋዩ እስከ ዛሬ «እውነተኛ» ነበር።

ያችን ከቅዳሴ በኋላ የጠራችኝን እህት ጠየቅኋት። «ከመግባትሽ በፊት ስንት ሰዓት ወረፋ ጠበቅሽ?» ግማሽ ቀን። «ከማን ጋር ተጫወትሽ?» ቡና ከምታቀርብ አንዲት ደግ ሴትዮ ጋር። «ምን አወራችሁ?» ዝም አለች። ከዓረብ አገር መመለሷን ያወራችው ለዚያች ሴትዮ ነበር።

ይህ ዘዴ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ፒተር ፖፖፍ የሚባል ሰባኪ በጉባኤ መካከል ቆሞ ሰዎችን በስም ይጠራ፣ አድራሻቸውንና ሕመማቸውን ይናገር ነበር። ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ገንዘብ ይጎርፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ራንዲ የተባለ በመድረክ የምትሐት ትርኢት የሚያሳይ ባለሙያ ከጓደኞቹ ጋር የሬዲዮ መቃኛ ይዞ ጉባኤው ገባ። በ39.17 ሜጋኸርዝ ላይ የተሰማው የመንፈስ ቅዱስ ድምፅ አልነበረም፤ የሰባኪው ሚስት ድምፅ ነበር። ሰዎቹ በጸሎት ካርድ ላይ የጻፉትንና አስቀድማ ያጫወተቻቸውን በጆሮው ውስጥ በተደበቀች መስሚያ ታነብለት ነበር። በማግሥቱ ዓመት ሰባኪው ኪሳራ አወጀ፤ በኋላ ግን ተመልሶ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ ተከታይም አላጣም። ይህን የማነሣው የሌላውን ቤት ለመንቀፍ አይደለም። በእኛም መካከል ደብተራ በሚለው በተከበረ ስም ተጠግተው ክታብ የሚሸጡ አሉ፤ ሊቃውንቱንም ያሰድባሉ።

ማንም አስቀድሞ ሳይነግረው የልባችሁን የሚነግራችሁስ? ያም ቢሆን እንደምናስበው አስቸጋሪ አይደለም። በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጥቶ «የእያንዳንዳችሁ ጠባይ ይኸው» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ከ5 ነጥብ ስንት ያህል እናንተን ይገልጻል ሲላቸው አማካዩ 4.26 ወጣ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ነበር፤ ቃሉም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ። ሰዎች እንዲወዱህ ትሻለህ፣ ከውጭ የረጋህ ትመስላለህ፣ ውስጥህ ግን ይጨነቃል፣ ይላል። የማይጨነቅ ማን አለ? አሁን የእኛን ኮከብ አስቡ። የራስና የእናት ስም የፊደላት ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፣ በሚተርፈውም ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቦች አንዱ ይደርሳችኋል፣ «ሰው አምነህ የምትከዳ፣ ለሰው ብለህ የምትጎዳ» ይባላል። ሁላችንም አንገታችንን እንነቀንቃለን።

አንዳንዶች «ይህን ሁሉ መመርመር የከሓዲ ሥራ ነው፤ አማኝ ያምናል እንጂ አይመረምርም» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ዳንኤልን የረሱ ይመስለኛል። በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችን፣ በተረፈ ዳንኤል፣ ንጉሥ ቂሮስ ቤል የሚባለው ጣዖት በየሌሊቱ ዱቄቱን፣ በጉንና ወይን ጠጁን እንደሚበላ ያምን ነበር። ዳንኤል ሳቀ። ከውስጥ ጭቃ ከውጭ ናስ የሆነ ነገር ከቶ አይበላም አለ። ከዚያስ ምን አደረገ? ምእመናንን ሰብስቦ አልጮኸም። በንጉሡ ፊት የቤቱን ወለል ሁሉ ዐመድ አስነሰነሰበት፣ በሩም ታተመ። በነጋታው ማኅተሙ እንዳለ ነው፣ ምግቡ ግን የለም። ንጉሡ ጣዖቱን ሊያመሰግን ሲል ዳንኤል ይዞ አስቆመውና «ወለሉን እይ፤ ይህ የማን እግር ነው?» አለው። በስውር በር እየገቡ የሚበሉት የ70ዎቹ ካህናት፣ የሚስቶቻቸውና የልጆቻቸው ዱካ ነበር። ዐመድ መነስነስ ነቢያዊ ሥራ ነው፣ ወገኖቼ! ሐዋርያው ዮሐንስም «መንፈስን ሁሉ አትመኑ» ካለ በኋላ «መርምሩ» ነው ያለን።

ዐመድ የነሰነሱ ሌሎችም ነበሩ፤ እነዚህስ ለእምነት ብለው አልነበረም። ራንዲ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ኃይሉን በፈተና ለሚያሳይ ሰው ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በ1,000 ዶላር ጀምሮ በኋላ 1 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከ1,000 በላይ ሰው አመለከተ፤ እስከ 2015 ድረስ የወሰደው የለም። የአሜሪካ መንግሥትም ከ20 ዓመት በላይ፣ 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ፣ ተቀምጠው የሩቁን እናያለን የሚሉ ሰዎችን ለስለላ ሞከራቸው፤ በ1995 ዘጋው። ውጤቱን እንዲመረምሩ ከተጠሩት ሁለት ምሁራን አንዷ በቁጥሩ ውስጥ አንድ ነገር አለ አለች፣ ሌላው አልተረጋገጠም አለ። ለስለላ እንዳልጠቀመ ግን ታወቀ። ራንዲ በእግዚአብሔር አያምንም ነበር። እኔ አምናለሁ፤ ነገር ግን እውነት ከማንም አፍ ብትወጣ እውነት ናት።

የምንለያይበት ቦታ ግን አለ፤ እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ራንዲ «ከሚታየው በቀር ምንም የለም» ባይ ነበር፤ እኛ እንዲህ አንልም። በፊልጵስዩስ የነበረችው ገረድ የምዋርተኝነት መንፈስ እንደነበረባት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ይናገራል። መናፍስት አሉ። ጥያቄው ምን ያህል ያውቃሉ የሚለው ነው። በዚህ ላይ ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የላከልን አባት፣ ስለ ቅዱስ እንጦንስ ሲጽፍ ያስቀመጠው ትምህርት ከሁሉ ይበልጥብኛል። አጋንንት የሚመጣውን አያውቁም፤ አንድ ሰው ከቤቱ ሲነሣ አይተው ቀድመው ሮጠው «እንግዳ ይመጣል» ይላሉ። የዓባይንም ሙላት እንደዚሁ፤ በኢትዮጵያ ምድር ብዙ ዝናብ መዝነቡን አይተው፣ ውኃው ግብፅ ሳይደርስ ሮጠው «ወንዙ ሊሞላ ነው» ብለው ያወራሉ። የግብፅ ሰው ተደነቀ፤ እዚህ ግን ዝናብ ዘንቧል፣ ገበሬው ከእነ በሬው ተበስብሷል፣ ትንቢቱ ወሬ ብቻ ነው! እንጦንስ ይህን ሐኪም በሌሎች ላይ ያየውን በሽታ አውቆ አስቀድሞ ከሚናገረው ጋር ያስተያየዋል።

ስለዚህ ማንም ጠንቋይ አንድ ነገር ቢገጥምለት ወዲያው «ሰይጣን ነገረው» ማለት አልወድም። ቡና አቅራቢዋ የነገረችውን መንፈስ ነገረው ስንል ያላገኘውን ክብር እየሰጠነው ነው። ብዙው ማታለል ነው፤ ጥቂቱ ከመንፈስ ቢሆን እንኳ ሮጦ የደረሰ ወሬ ነው።

«እሺ፣ በትክክል ቢሆንስ?» አለችኝ እህቴ። የኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 13 አነበብሁላት። በመካከልህ ነቢይ ወይም ሕልም አላሚ ቢነሣ፣ የነገረህ ምልክት ቢፈጸም እንኳ፣ ወደ ሌሎች አማልክት ከጠራህ አትስማው ይላል። ቢፈጸም እንኳ! ይህን ቃል አብዛኞቻችን አናስተውለውም። እኛ «ሆነለት ወይስ አልሆነለትም?» ብለን እንጠይቃለን፤ እግዚአብሔር የሚጠይቀን በማን ደጅ እንደቆምን ነው። ያች የፊልጵስዩስ ገረድ ጳውሎስንና ሲላስን እየተከተለች የልዑል አምላክ ባሪያዎች ናቸው፣ የመዳንን መንገድ ይነግሩአችኋል ትል ነበር። ከዚህ የበለጠ እውነት ማን ተናገረ? ጳውሎስ ግን መንፈሱን ገሥጾ አስወጣው። ጌቶችዋ የተቆጡት ደግሞ የእውነት ምንጭ ደረቀ ብለው አልነበረም፤ የትርፋቸው ተስፋ ስለ ጠፋ ነው።

ንጉሥ ሳኦልስ በዓይንዶር ሙታን ጠሪ ሴት ዘንድ ሄዶ ምን አተረፈ? የታየው ሟቹ ነቢይ ሳሙኤል ነው አይደለም በሚለው ብዙ ተብሏል። እንደሚሞት የሰማው ነገር በማግሥቱ ሆኗል። ነገር ግን ያን ሌሊት በቁመቱ ሙሉ መሬት ላይ ወደቀ፣ እንጀራ አልቀምስም አለ፤ ማወቁ ከጦርነቱ አላዳነውም፣ ለንስሐም አላበቃውም።

የእግዚአብሔር ሰው ሌላ ነው። ሱነማይቱ ሴት ልጇ ሞቶባት ወደ ኤልሳዕ በመጣች ጊዜ ያ ታላቅ ነቢይ «እግዚአብሔርም ያን ከእኔ ሰወረው፥ አልነገረኝም» አለ። ይህን ዐረፍተ ነገር በየትኛው ጠንቋይ ቤት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከለምጹ የዳነውን የንዕማንንም ስጦታ አልቀበልም አለ፤ በስውር የተቀበለው አገልጋዩ ግያዝ ለምጽ ወረሰ። በገዳሞቻችን የተሰወረው የሚገለጥላቸው አባቶች አሉ ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን እነርሱ ይሸሸጋሉ፣ ወረፋና ዋጋ አያወጡም፣ ቢናገሩም ወደ ንስሐ ይመልሳሉ እንጂ ጎረቤትን አያስጠረጥሩም።

እህቴን ልጅዋን ሐኪም ቤት እንድትወስድ፣ ጠበሉንም እንዳትተው፣ ለንስሐ አባቷ ሁሉን እንድትናገር ለመንኋት። ጠንቋዩ «ጎረቤትሽ መተት አድርጋብሻለች» ብሏት እንደነበር የነገረችኝ በመጨረሻ ነው። ሁለት ወር ሰላምታ ከልክላታለች። «ዛሬውኑ ሄደሽ ሰላም በያት» አልኋት።

እናቴም ለንስሐ አባቷ በተናገረች ጊዜ የተሰጣት ቀኖና ጾምና ስግደት ብቻ አልነበረም፤ «መጀመሪያ ልጅቷን ፈልጊ» ተባለች። ከአውቶቡስ ወርዳ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ ሄደች። ልጅቷ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች፤ እናቷን ብቻ አገኘች። እናቴ በደጃፉ ተንበርክካ ይቅርታ ለመነች፣ ያልተከፈለውን ደመወዝ ቆጥራ ሰጠች፣ ከዚያም ሀብሉን ከአንገቷ አወለቀችና በሴትዮዋ እጅ ላይ አኖረችው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።